ቀጣሪዋ እኔ ነኝ

"መንግስት ሰው ቀጥሮልሻል አሉ" ይሉኛል ዘመዶቼ። ካሊፎርኒያ ውስጥ አይ ኤች ኤስ ኤስ የሚባለውን፣ አካል ጉዳተኛንና አዛውንትን ቤቱ ለሚረዳ ሰው መንግስት ደሞዝ የሚከፍልበትን ፕሮግራም ጭራሽ የማያውቅ ሐበሻ ቤተሰብ ብዙም የለም፣ ወይ እናት ትጠቀምበታለች ወይ እህት ትሰራበታለች፣ ግን ስለ አሰራሩ ሲወራ ሁሌም አንድ ነገር ይዘለላል። መንግስት ይከፍላል እንጂ አይቀጥርም። ሰው ፈልጎ የሚቀጥረው፣ ስራውን የሚያሳየው፣ ሰዓቱን የሚያወጣው፣ ካልሆነም አመስግኖ የሚያሰናብተው እርዳታውን የሚያገኘው ሰው ራሱ ነው። እኔ ቤት ያ ሰው እኔ ነኝ። ይሄ ነገር ብዙ ሰው ትንሽ ይመስለዋል፣ ለኔ ግን ከሚሰጠኝ ሰዓትም ከሚከፈለው ብርም ይበልጥብኛል።

ፖሊዮ የያዘኝ ገና ዳዴ ስል ነው። መናገሻ ያለው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ማዕከል ቼሻየር፣ ብረት ጫማ፣ ክራንች፣ የኔ ዕድሜ ሰዎች የሚያውቁት መንገድ ነው። በክራንች ተምሬ በክራንች ሰርቼ ኖሬያለሁ፣ ሰው ሲያየኝ "ጎበዝ፣ ራስሽን ቻልሽ" ይለኝ ነበር። ከዛ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ አርባዎቹ ውስጥ ስገባ እነዛ ሰላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ የተሸከሙኝ እጆቼ መድከም ጀመሩ። ፖስት ፖሊዮ ይሉታል፣ በልጅነቱ ፖሊዮ የያዘው ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ጡንቻው እንደገና የሚደክምበት ነገር ነው። ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። ክራንቹ ቀርቶ ዊልቸር ሆነ፣ ቀጥሎ ከአልጋ መነሳት፣ ቀጥሎ ልብስ መልበስ፣ ቀጥሎ ሻወር።

በዛን ጊዜ የምኖረው ወንድሜ ቤት ነበር። የወንድሜ ሚስት ክፉ ሰው አይደለችም፣ እንደሷ ያለ ሰው እንደውም ብዙ አላየሁም። የሌሊት ሽፍት ሰርታ ጠዋት ትገባለች፣ ልጆቹን ት/ቤት ታደርሳለች፣ ከዛ መጥታ እኔን ታጥበኛለች። ዓይኗ ቀልቶ እያየሁት "ውሃው ቀዝቅዟል" እንዴት ይባላል? አይባልም። ዝም ነው። ውሃ መጠጣት ቀነስኩ፣ ምክንያቱም አንድ ብርጭቆ ውሃ ማለት ሽንት ቤት የሚወስደኝ ሰው ማለት ነው፣ ማታ ማታ ጭራሽ አልጠጣም ነበር። ይሄን የምጽፈው ለማሳዘን አይደለም፣ የሰው እጅ የሚያስፈልገው ሰው ሁሉ የሚሰራው ሂሳብ ስለሆነ ነው፣ አጠገባችሁ ያለችው አክስታችሁም ምናልባት አሁን እየሰራችው ነው፣ ሻይ ስታፈሱላት "አልፈልግም፣ ጠጥቻለሁ" የምትለው ለዛ ሊሆን ይችላል፣ አስቡበት።

ቤተሰብ ሲረዳሽ የሰጡሽን ትቀበያለሽ። ሰዓቱንም እነሱ ነው የሚያውቁት፣ አኳኋኑንም። አንቺ ከላይ እስከ ታች ምስጋና ብቻ ትሆኛለሽ። እና ሰው ሁልጊዜ እያመሰገነ ሲኖር ቀስ በቀስ የሚፈልገውን ነገር ራሱ ይረሳዋል፣ ሻወር ማታ ነው የምወደው ወይስ ጠዋት የሚለውን እኔ በእውነት ረስቼው ነበር።

ደሞዝ ሲመጣ ይሄ ተቀየረ። ሰዎች "ገንዘብ ሲገባበት ፍቅር ይበላሻል" ይላሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይሄን ይነግረኛል። በኔ ሕይወት የሆነው ተቃራኒው ነው። ሌላ ሰው ቀጥሬ ስጀምር የወንድሜ ሚስት እንደገና የወንድሜ ሚስት ሆነች። አሁን ስትመጣ ቡና ይፈላል፣ ቁጭ ብለን እናወራለን፣ ጀርባዬን ልታጥብ አይደለም የመጣችው። እኔም የሚሰራልኝን ሰው "ትንሽ ሞቅ አድርጊው፣ ፀጉሬን መጀመሪያ፣ ፎጣውን እዚህ" ማለት እችላለሁ፣ ሰራተኛዋም አይከፋትም፣ ስራዋ ነዋ፣ ታክስ የሚከፈልበት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚቆረጥለት፣ ከ40 ሰዓት ካለፈ ኦቨርታይም የሚታሰብለት ስራ ነው።

ይሄ ነገር ከየት መጣ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት በኋላ ነው። እኛ ሐበሾች ኦክላንድ ቴሌግራፍ መንገድ ላይ እንጀራ ስንገዛ በዛው መንገድ ወደ ሰሜን ትንሽ ስንነዳ በርክሌይ ነው፣ ነገሩ የተጀመረውም እዛ ነው። ኤድ ሮበርትስ የሚባል ልጅ ነበር፣ በ1953 በ14 ዓመቱ ፖሊዮ ያዘው፣ ከአንገቱ በታች ብዙውን ሰውነቱን ማንቀሳቀስ አይችልም፣ የሚተኛው የብረት ሳንባ በሚሉት ትልቅ የመተንፈሻ ማሽን ውስጥ ነው። በ1962 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ማሽኑን የሚችል ዶርም ስለሌለ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ውስጥ አስቀመጡት። ከሱ በኋላ ሌሎችም እንደሱ ከባድ ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች መጡና እዛ ሆስፒታል ውስጥ ሆነው በስቴቱ ገንዘብ የሚረዷቸውን ሰዎች ራሳቸው መቅጠር፣ ራሳቸው ማሰልጠን፣ ራሳቸው ማሰናበት ጀመሩ። እስከዛ ድረስ ሐኪም ነበር የሚወስነው። በ1972 ከካምፓስ ውጪ ለማንም አካል ጉዳተኛ የሚሆን ማዕከል ከፈቱ፣ ሴንተር ፎር ኢንዲፔንደንት ሊቪንግ ይባላል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፣ ኤድ ሮበርትስ ተማሪ እያለ አካል ጉዳተኛን ለስራ የሚያበቃው የካሊፎርኒያ የተሃድሶ መስሪያ ቤት "ይሄ ሰው መቼም ስራ አይሰራም" ብሎ እርዳታ ሊከለክለው ነበር፣ በ1975 ገዢው ጄሪ ብራውን የዛኑ መስሪያ ቤት ዳይሬክተር አድርጎ ሾመው። በርክሌይ አሽቢ የሚባለው የባቡር ጣቢያ ላይ በስሙ የተሰራ ሕንፃ አለ፣ ውስጡ ቀይ ጠመዝማዛ ራምፕ አለው፣ በዊልቸር እስከ ላይ ይወጣል። ያልሄደ ሰው ቢሄድ ደስ ይለኛል።

እሱ የያዘው በሽታ እኔን የያዘኝ በሽታ ነው። እሱ በተኛበት ዘመን አገራችን ውስጥ ስንቱ ልጅ በፖሊዮ ተይዞ ጓዳ ውስጥ ተደብቆ እንደቀረ ሳስብ ይከብደኛል።

አሁን ወደ አሰራሩ ልግባ፣ ብዙ ሰው ኢንቦክስ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። መጀመሪያ ሜዲካል ያስፈልጋል፣ ሜዲኬይድ የሚባለው ለዝቅተኛ ገቢ ሰው የሚሆን የመንግስት የጤና መድን በካሊፎርኒያ ስሙ ነው። ሐኪም የሚሞላው ፎርም አለ፣ ኤስ ኦ ሲ 873 ይባላል፣ እሱ ካልገባ ምንም አይንቀሳቀስም። ከዛ ከካውንቲው ሶሻል ወርከር ቤት ትመጣለች። እዚህ ጋ ነው ወገኖቼ የምንጎዳው። ሶሻል ወርከር ትመጣለች ሲባል ቤቱ ይጸዳል፣ እናታችን ነጠላዋን ትለብሳለች፣ ፀጉሯን ትሰራለች፣ ሶፋው ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። "እንዴት ነሽ?" ስትባል "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።" "ራስሽ መታጠብ ትችያለሽ?" "አዎ፣ አዎ።" ሰውነቷን ማን እንደሚያጥበው ለባዕድ መናገር ነውር ስለሆነባት ነው፣ ጨዋነቷ ነው። ሶሻል ወርከሯ ግን የምትጽፈው የሰማችውን ነው። ለእያንዳንዱ ነገር፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ መመገብ፣ ሽንት ቤት፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር መዞር፣ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ትሰጣለች፣ 1 ማለት ያለ ሰው ይችላል፣ 5 ማለት ያለ ሰው ጭራሽ አይሆንም፣ ከዛ ነጥብ ነው ሰዓት የሚወጣው። ከባድ ጉዳት ላለበት ሰው ትልቁ በወር 283 ሰዓት ነው። እናታችን በጨዋነቷ ምክንያት ከዛ ውስጥ ትንሿን ይዛ ትቀራለች። ስለዚህ ምክሬ፣ በጣም የከፋውን ቀናችሁን ተናገሩ። ሰኞ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ያቃተሽን ቀን። አንዴ የወደቅሽበትን። ደህና ነኝ ማለቱን ለቤተክርስቲያን በር አቆይው።

አስተርጓሚ ደግሞ በነፃ ማግኘት መብት ነው፣ ጠይቁ። የፕሮግራሙ ፎርሞችና ታይምሺቶች (ሰራተኛዋ የሰራችውን ሰዓት የምትሞላባቸው) ለዓመታት በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛና በአርመንኛ ነው ሲወጡ የኖሩት፣ አማርኛ የለበትም፣ ታዲያ ብዙ ቤት የሚያስተረጉመው የ12 ዓመት ልጅ ነው። ልጅ ስለ እናቱ ሽንት ቤት ለመንግስት ሰራተኛ እንዲያስተረጉም አታድርጉ። እናት እሱ ፊት እውነቱን አትናገርም፣ ልጁም የሰማውን ሁሉ አይተረጉምም።

ሰዓቱ የሚሰላበት መንገድ የሰው አኗኗር አያውቅም። ለምግብ ግዢ በሳምንት 1 ሰዓት ነው። 1 ሰዓት! ሽሮውና በርበሬው አንድ ቦታ፣ ሥጋው ሌላ ቦታ፣ እንጀራው ደግሞ የሚመጣበት ሰዓት አለው። ለቤት ጽዳት በወር 6 ሰዓት ነው፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለም ይካፈለዋል። ሽንኩርት አቁላልቶ ወጥ መስራት ሳንድዊች ከመስራት እኩል አይደለም ብዬ ለሶሻል ወርከሬ ቁጭ ብዬ አስረድቻታለሁ፣ ለብቻዬ ምን እንደምበላ፣ በጾም ጊዜ ምን እንደሚቀየር፣ እሷም ጻፈችው፣ ትንሽም ቢሆን ተጨመረልኝ። መናገር ያዋጣል።

መቅጠሩ ላይ ስንመጣ፣ ሰው ከሶስት ቦታ ይገኛል። ካውንቲው ፐብሊክ ኦቶሪቲ የሚባል አለው፣ የተመዘገቡና የተጣሩ ሰዎች ስም ዝርዝር ይሰጣል። ከዛ ዘመድ ነው፣ ልጅ፣ እናት፣ ባልም ሳይቀር ተቀጥሮ ሊከፈለው ይችላል። ሶስተኛው የኛ መንገድ ነው፣ በሰው በሰው፣ ቤተክርስቲያን፣ ዕድር፣ "ስራ የምትፈልግ ልጅ አለች" ምናምን። የተገኘችው ሰው አሻራ ትሰጣለች፣ የአሻራውን የምትከፍለው ራሷ ናት፣ ኦሬንቴሽን ትወስዳለች፣ ፎርም ትፈርማለች። አሻራዋ አልፎ ተመዝግባለች እስኪባል ድረስ ስራ አታስጀምሩ፣ ሳታልፍ ብትቀር ለሰራችው የሚከፍል የለም፣ ጉዳቱ ደግሞ እሷ ላይ ነው።

ሐበሻ ልቅጠር ወይስ ፈረንጅ የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው፣ በግልጽ እናውራው። ሐበሻ ስትሆን ወጡን ታውቃለች፣ ጾሙን ታውቃለች፣ "ትንሽ ደከመኝ" ስላት ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባታል። ግን ከተማችን ትንሽ ናት። እኔን ያጠበች ሴት እሁድ ከማውቃቸው ሰዎች ጋር ጸበል ትጠጣለች። ሰውነቴ እንዴት እንደሆነ፣ ማን ቤቴ እንደመጣ፣ ምን መድኃኒት እንደምወስድ ታውቃለች። ስለዚህ ኢንተርቪው ሳደርግ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ልምድ አይደለም። "በፊት የሰራሽላት ሰው እንዴት ነበረች?" እላለሁ። መልሱ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ። የሴትየዋን በሽታ፣ የልጆቿን ጸብ፣ የቤቷን ሁኔታ ዘርዝራ የምትነግረኝን አልቀጥርም፣ ነገ እኔም እንደዛው እወራለሁ። "ጥሩ ሰው ናቸው፣ ሁለት ዓመት ሰራሁ" ብላ ዝም ያለችውን ቀጠርኳት፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት የምትመጣው እሷ ናት። ከሰዓት የምትመጣልኝ የሜክሲኮ ልጅ ናት፣ በእንግሊዝኛና በምልክት ነው የምንግባባው፣ ሽሮ መስራት ግን ከብዙ ሐበሻ ትሻላለች።

የጠዋቷ ከኔ በዕድሜ ትበልጣለች። እትዬ ነው የምላት፣ አንቱ ነው የምላት፣ እሷ አንቺ ትለኛለች፣ ልጄ ትለኛለች። እና እኔ አለቃዋ ነኝ። ይሄ በአማርኛ አኗኗር ውስጥ ቦታ የለውም፣ ታናሽ ታላቅን አያዝም። መጀመሪያ አካባቢ ከአልጋ ስታነሳኝ በብብቴ ይዛ ትጎትተኝ ነበር፣ ትከሻዬ ደግሞ የቀረኝ ጉልበት ያለበት ቦታ ነው፣ እሱ ከተጎዳ በቃ ማንኪያም አላነሳም። "እትዬ፣ እንደዚህ አያንሱኝ፣ ቀበቶውን ይያዙ" ስላት "ልጄ ዝም በይ፣ እኔ ስንቱን አንስቻለሁ" ትለኛለች። ከታላቅ ጋር መከራከር እንዴት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። ግን ዝም ካልኩ የወንድሜ ቤት ሕይወቴ ተመልሶ ሊመጣ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ስራው ካለቀ በኋላ፣ ሻይ ይዘን፣ "እትዬ፣ እርስዎ ብዙ ሰው አንስተዋል፣ አውቃለሁ። ይሄን ሰውነት ግን እኔ ነኝ አርባ ምናምን ዓመት የያዝኩት። እኔ በምልዎት መንገድ ካላነሱኝ አብረን መስራት አንችልም" አልኳት። ዝም አለች ለረጅም ጊዜ። ከዛ "እሺ፣ አሳዪኝ" አለች። ከዛን ቀን ጀምሮ አዲስ ነገር ሲመጣ እሷው ራሷ "እንዴት ላድርገው?" ብላ ትጠይቀኛለች። አክብሮቱ አልቀነሰም፣ አሁንም አንቱ ነው የምላት።

አለቃነት ግን ማዘዝ ብቻ አይደለም። እኛ ያደግነው ቤት ውስጥ ሰራተኛ እያየን ነው። ጓዳ የምትተኛ፣ መጨረሻ የምትበላ፣ ሌሊት የምትቀሰቀስ፣ ስሟን እንግዳ የማይጠይቃት ልጅ። ያ ነገር ውስጣችን ቀርቷል፣ እንግዳ ቤቴ ሲመጣ አየዋለሁ፣ እትዬን "ውሃ አምጪልኝ፣ ይሄን ሰሃን አንሺው" ይላታል። አይሆንም። የሷ ሰዓት ለኔ የተሰጠ ነው፣ ለኔ ምግብ፣ ለኔ ልብስ፣ ለኔ ሰውነት፣ የእንግዳ ሰሃን በሕጉም አይፈቀድም። እንግዳው ፊት ነው የምናገረው፣ እሷ እየሰማች። አንዳንዱ ቅር ይለዋል፣ ቅር ይበለው።

ታይምሺት ደግሞ በወር ሁለት ጊዜ ነው፣ ከ1 እስከ 15 ያለው እና ከ16 እስከ ወሩ መጨረሻ ያለው። እሷ ሞልታ ትልካለች፣ እኔ በስልኬ አፕሩቭ አደርጋለሁ፣ እኔ አፕሩቭ ካላደረግኩ ደሞዟ አይንቀሳቀስም። የሷ የቤት ኪራይ ጣቴ ላይ ነው ያለው ማለት ነው። በዛኑ ቀን ነው የማደርገው፣ ታምሜም ቢሆን። ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ ነገር በግልጽ ልበል፣ "ያልሰራሽውን ሰዓት ሙይ፣ ብሩን እንካፈል" የሚሉ ሰዎች አሉ፣ የኛም ሰዎች። ወንጀል መሆኑ አንድ ነገር ነው። ግን ከዛ በላይ፣ በዛ ቀን እኔ ቀጣሪ መሆኔ ያበቃል። ብር የተካፈልኳትን ሴት በሚቀጥለው ሳምንት ስታረፍድ ምን ብዬ ነው የምናገራት?

ማሰናበትም አለ። አንዷን ያሰናበትኳት ስልኳን እያየች ከአልጋ የሚያነሳኝ ማሽን፣ ሊፍቱ ላይ አንጠልጥላ ስለተወችኝ ነው። ተለማመጥኳት፣ ነገርኳት፣ ደገመችው፣ በቃ። "ልጆች አሏት እኮ" ያሉኝ ዘመዶች ነበሩ፣ እኔም አዝኛለሁ፣ ግን የምወድቀው እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመታዊ ግምገማ ሰዓቴ ተቀነሰ። ሁኔታዬ ምንም አልተሻሻለም፣ አዲስ ሶሻል ወርከር መጣች፣ ፈጠን ብላ ጠየቀች፣ ሄደች፣ ከዛ ኖቲስ ኦፍ አክሽን የሚባለው ደብዳቤ መጣ። ብዙ ሰው ይሄን ደብዳቤ ከሌላው ፖስታ ጋር መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። አትክተቱት። ጀርባው ላይ ይግባኝ መጠየቂያው አለ፣ 90 ቀን አላችሁ፣ ግን ዋናው ነገር ቅነሳው ከሚጀምርበት ቀን በፊት ከጠየቃችሁ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ የድሮው ሰዓት ይቀጥላል። እኔና እትዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱን ነገር በደቂቃ ጻፍነው፣ ከአልጋ መነሳት ስንት፣ ሽንት ቤት በቀን ስንት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ስንት ደቂቃ። ዳኛው ያነበበው ያን ደብተር ነው። ሰዓቴ ተመለሰ። ደብተሩን አሁንም እንይዛለን።

የሚያሳስበኝ ከካውንቲ በላይ ያለው ነው። በሜዲኬይድ ሕግ ስቴቶች ነርሲንግ ሆም መክፈል ግዴታቸው ነው፣ እንደኔ ቤት ውስጥ ለሚረዳ ሰው መክፈል ግን አብዛኛው በምርጫቸው ነው። በ1999 ከጆርጂያ የመጡ ሁለት ሴቶች፣ ሎይስ ከርቲስና ኢሌን ዊልሰን፣ ቤታቸው መኖር እየቻሉ ተቋም ውስጥ መቀመጣቸውን ተቃውመው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው አሸንፈዋል፣ ያለ በቂ ምክንያት ሰውን ተቋም ውስጥ ማቆየት አድልዎ ነው ተብሎ ተፈርዷል። ያ ፍርድ አለ። ግን ጁላይ 4 2025 የተፈረመው ሕግ በአስር ዓመት ውስጥ ከሜዲኬይድ በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይቀንሳል፣ እና ስቴት ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያየው ግዴታ ያልሆነውን ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ700,000 በላይ ሰው በዚህ ፕሮግራም ነው ቤቱ የሚኖረው። የኛ ማኅበረሰብ ደግሞ በሁለቱም በኩል አለበት፣ የሚታጠበውም የሚያጥበውም እኛ ነን፣ ስለዚህ ስብሰባ ሲጠራ፣ ፊርማ ሲሰበሰብ፣ የሰራተኞቹ ዩኒየን ሲወጣ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ከየቤቱ ቢሄድ ደስ ይለኛል። እኔ እሄዳለሁ፣ እትዬም ትመጣለች፣ በዛ ሰዓት ግን ደሞዝ ላይ አንሞላውም፣ በራሷ ጊዜ ነው የምትመጣው።

አሁን ለቅዳሜና እሁድ ጠዋት ሰው እየፈለግኩ ነው። እትዬ እሁድ ቅዳሴ መሄድ አለባት፣ ከጀመረችልኝ ጀምሮ አንድ እሁድ ቅዳሴ ሳታስቀድስ ቀርታ አታውቅም፣ ለሱ ብላ በሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ ነው መጥታ የምታነሳኝ፣ እና በዚህ ዕድሜዋ እንደዛ እንድትሆን አልፈልግም። ሊፍት መጠቀም የምትችል፣ ካልቻለችም ለመማር ፈቃደኛ የሆነች፣ ድመት የማትፈራ። ሻወር ማታ ነው የምወስደው፣ ስለዚህ ጠዋት ከባድ ስራ የለም።